ከበረዶው በፊት

«አባባ አረፉ።» ሁለት ቃል ናት። ውብዳር ሌሊቱን ሙሉ ከጎን ወደ ጎን እየተገላበጠች ያቺኑ ሁለት ቃል አፏ ውስጥ ስታመላልስ አደረች፤ አትውጣት፣ አትተፋት። ከሳን ፓብሎ አፓርታማዋ መስኮት ሥር የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲያቃስት ሰማችና፣ እንግዲህ ሊነጋ ነው፣ አለች ለራሷ። ሲነጋ ሳን ሆዜ መድረስ አለባት። ሳን ሆዜ ውስጥ ሀረገወይን ተኝታለች፣ አባቷ መሞታቸውን ሳታውቅ፣ የአላስካ ፀሐይ አፍንጫዋን እንደላጠው፣ ምናልባትም በእንቅልፏ እየሳቀች፤ ተኝታ የምትስቅ ሴት ናት፣ ሱዳን ገዳሪፍ ስደተኞች ሰፈር አንድ ሰሌን ላይ ሲተኙ ጀምሮ ውብዳር ያን ሳቅ ታውቀዋለች። አባቷ ጋሽ ዓለሙ ኮምቦልቻ ላይ ያረፉት ቅዳሜ ነው፣ ውብዳር የሰማችውም ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ሰኞ ነው። እንቅልፍ የነሳት በመካከሉ ያለው ነው፤ ያ ረጅም ቀን፣ ከባሕር ወደ በረዶ፣ ከበረዶ ወደ ባሕር ሲነዱ የዋሉበት መንገድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ።

ጉዞው የዮዲ ስጦታ ነበር። ዮዲ የሀረገወይን አንድያ ልጅ ናት፣ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፣ እናቷ ስድሳ ሲሞላት ምን ልግዛልሽ ብትላት «ግሌሸር አሳዪኝ» አለቻት። ሌላዋ እናት ወርቅ ትላለች፣ ጫማ ትላለች፤ ሀረገወይን ግሌሸር አለች፣ የበረዶ ግግር። ዮዲ አብራት ልትሄድ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከሥራ ፈቃድ አጣችና «አንቲ ውብዳር፣ ፕሊስ፣ አንቺ ሂጂላት» ብላ ለመነች። ውብዳር ኦክላንድ ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ ስንት ዘመኗ ነው፤ የሰው እናት፣ የሰው አያት እስከ አውሮፕላኑ አፍ ታደርስና ትመለሳለች። ለሽርሽር ብላ አንድ ቀን እንኳ ያን በር አልፋ አታውቅም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የት ልትሄጂ ነው የሚላት የለ፤ ሻንጣዋን ዘግታ ወጣች። ምነው ባልወጣሁ፣ ትላለች አሁን ጣራው ላይ አፍጥጣ። ደግሞ መለስ ትልና፣ ማን ይሆንላት ነበር ታዲያ፣ ትላለች።

አንኮሬጅ ናቸው፣ ሞቴሉ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሀረገወይን ሻወር ገብታለች፣ ውኃው ይንሿሿል፣ ስልኩ ይጠራል።

«አንቲ ውብዳር፣ ማሚ አጠገብሽ ናት?»

«ሻወር ውስጥ ናት። ምነው?»

«ስፒከር ላይ አይደለሽም አ? አያቴ… ግራንድፓ… ሂ ፓስድ። አንክል ደግነት አሁን ኮል አደረገልኝ። ቀብሩ ራሱ አልቋል። ለማሚ እንዳትነግሯት አለኝ፣ ቤቷ ስትመጣ፣ ሰው ሰብስባችሁ ምናምን… አንቲ፣ ዋት ዱ አይ ዱ? እኔ ካናገርኳት አለቅሳለሁ፤ እንዳትሰጫት ስልኩን፣ ፕሊስ።»

ውኃው ቆመ። በሩ ሥር እንፋሎት ወጣ። «ማነው?» አለች ሀረገወይን ከውስጥ። «ዮዲ ናት፣ በደህና ገባችሁ ወይ ብላ ነው።» «ሳመችኝ?» «ሳመችሽ።» እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያው ውሸት ሰውየው ገና አፈሩ ሳይደርቅ ነበር፤ ሁለተኛው ምንም አልከበዳትም፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ሀረገወይን ፎጣ ጠምጥማ «ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው፣ አንቺ እያየሽ ብቻ ትሄጃለሽ» እያለች ስትወጣ። ግን ወንድምየው አትንገሯት ብሏል፤ ቀብሩም አልፏል፤ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ሞቴል ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን፣ ሰው እንዴት አድርጎ መርዶ ያረዳል? ይህን ሁሉ ስታሰላስል ሻንጣው መኪናው ውስጥ ገብቷል። ደግሞ ከሰው ሁሉ እሷ! የእሷ የውብዳር እናት ሲሞቱ ክረምትና በጋ አልፎ ነው የተነገራት። በመካከሉ ጫማ ልካላቸው ነበር፣ ለስላሳ ጫማ፣ እግራቸው ስለሚያብጥ። እህቷ በስልክ «ልክ ሆነላት፣ ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ሄደች» አለቻት። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደረጃው ላይ ሰው ተሰልፎ አየች፣ ጥቁር ለብሶ፤ ማንም ሳይናገር ቀድሞ የገባት ጫማው ነው። ያኔ ምላለች። እኔስ በማንም ላይ ይህን አላደርግም ብላለች።

ሀረገወይን መሪውን ይዛለች። መሪ ከያዘች ለማንም አትለቅም፤ ሳን ሆዜ ውስጥ አካል ጉዳተኛና አዛውንት የምታመላልስ ቫን ትነዳለች፣ የሹፌር ልጅ ነኝ ትላለች፣ ናትም። ጋሽ ዓለሙ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፣ ኤንትሬ ፊያት የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዱ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል፣ በሚሌ፣ በበረሃው አሰብ፣ ከአሰብ ደግሞ ጭነው ሽቅብ። በስተግራ ተራራው በረዶውን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጥሏል፣ በስተቀኝ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ያንጸባርቃል፣ መንገዱ በሁለቱ መካከል ይጠማዘዛል፣ ሀረገወይን ደግሞ አንድ ጊዜ አፏን ከከፈተች…

«ውብዬ፣ አባባ ይህን መንገድ ቢያየው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ይሄማ መኝታ ነው!› ነው የሚለው። አስፋልት ሲያምር መኝታ ነው ይላል። ሹፌር ሲፈራ ሁለት እጁን መሪ ላይ ያደርጋል፤ አባባ በአንድ እጁ ነው የሚነዳው፣ በአንዱ ደረቱን ይዞ ያንጎራጉራል።»

ይላል፣ ይነዳል፣ ያንጎራጉራል። ውብዳር መስኮት መስኮቱን እያየች እያንዳንዷን በልቧ ታርማለች፤ ይሉ ነበር፣ ይነዱ ነበር፣ ያንጎራጉሩ ነበር። ለአንድ ቀን ሙሉ የሰው አባት በልቧ ገነዘች።

ወደ መጀመሪያዋ የባሕር ከተማ፣ ወደ ዊቲየር፣ የሚገባው በተራራ ሆድ በተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ መኪናና ባቡር ተራ እየጠበቁ ያልፉበታል። ተራቸው እስኪደርስ ሀረገወይን ወርዳ የኪራዩን መኪና ጎማ በጫማዋ ደለቀች። «አባባ ቆሞ ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ጎማ ይደልቃል፤ ጎማና ልጅ ካልነኩት አይናገርም ይላል።» ጨለማውን አልፈው ሲወጡ ከተማዋ ወደብና አንድ ትልቅ ፎቅ ናት። ካፌ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የከተማው ሰው ከሞላ ጎደል እዚያ ፎቅ ውስጥ እንደሚኖር ነገረቻቸው። ሀረገወይን ቀና ብላ መስኮቶቹን አየች፣ አየችና ሳቋ መጣ።

«ውብዬ! ለዕድር እንዴት ይመቻል! ጥሩንባ መንፋት የለ፣ ፓርኪንግ መፈለግ የለ፤ ልቅሶ ለመድረስ ሊፍቱን መጥራት ብቻ።»

ውብዳርም ሳቀች። አምልጧት አይደለም፣ ከልቧ ነው የሳቀችው፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ። እንባው ግን ሲመጣ አልቆም አለ። ሀረገወይን «አንቺ ሴትዮ ዛሬስ ለየልሽ» እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። አሁን ውብዳር ሳን ፓብሎ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ቀሚሷን በራሷ ላይ ስታጠልቅ ያ እጅ ጀርባዋ ላይ ነው።

ከዋሻው ተመልሰው ወደ በረዶው የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዙ። ሩቅ አይደለም፣ ጠጠር ነው፣ ከጎኑ ወተት የመሰለ ወንዝ ይወርዳል፣ አየሩ ፍሪጅ እንደተከፈተ ፊት ይመታል። የበረዶው ግግር ከሁለት ተራራ መሐል ወርዶ ተኝቷል፤ ከላይ ነጭ ነው፣ ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ። ሀረገወይን ጓንቷን አወለቀች፣ ከግግሩ ተገንጥሎ የወደቀ አንድ ቋጥኝ በረዶ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ለምን ግሌሸር እንዳልኩ ዮዲ ጠየቀችኝ፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ። አባባ ከአሰብ በረዶ ያመጣልን ነበር። ዓሣ የሚያቀዘቅዙበት፣ ከወደቡ። በጆንያ ይጠቀልለዋል፣ ሰጋቱራ ይነሰንስበታል፣ እንዳይቀልጥ በረሃውን ሌሊት ያቋርጣል። ሲነሣ ድንጋይ የሚያህለው ቤት ሲደርስ ዕንቁላል ያህላል። ለእማዬ ‹ልጆቹን ቀስቅሺልኝ፣ ቶሎ በይ› ይላታል፣ አቧራውን ሳያራግፍ። በየተራ እንልሳለን። አንድ ጊዜ ጭራሽ ቀልጦ ጆንያው ብቻ ደረሰ። ተስፋ የቆረጠ መስሎሻል? ጆንያውን ጨምቆ በጣሳ አጠጣን። ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይላል። ‹ይኸው፣ አሰብ ድረስ ሄዳችሁ መጣችሁ› አለን።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ይሄን ሁሉ በረዶ ማየት አለበት። ልደውልለት።»

«ኧረ ሰዓቱን አስቢ፣ እዚያ ሌሊት ነው።»

«አባባ መቼ ይተኛል?»

መኪና ማቆሚያው ድረስ ተመለሱ፣ ኔትወርክ ፍለጋ። ውብዳር መንገዱን ሁሉ ምነው ባይነሣ፣ ምነው ባይነሣ ስትል፣ ደግነት አነሣው። የሀረገወይን ታናሽ ወንድም ነው፣ አባቱን ሲጦር የኖረው እሱ ነው። ስልኩ በመካከላቸው ይናገራል።

«ደግዬ! አባባስ?»

«አቤት እትዬ… ተኝቷል።»

«ቀስቅሰው እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳየው።»

«ይተኛ። ዛሬ ደክሞት ነው የዋለው።»

«ምንድነው ይሄ ጫጫታ?»

«ጎረቤት… ሰርግ አለ። ድንኳን ጥለዋል። ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ነው።»

«በሐዋርያት ጾም ሰርግ?»

«ሙስሊሞች ናቸው፣ እትዬ። አዲስ ተከራዮች ናቸው፣ አታውቂያቸውም።»

«ታዲያ አባባ እንዴት ይተኛል በዚህ ጫጫታ? ጆሮው ላይ ጥጥ አድርግለት።»

ውብዳር የራሷን ጫማ ታያለች። «ተደርጎለታል» አለ ደግነት በመጨረሻ፣ «ጥጥ… ተደርጎለታል፣ እትዬ።»

«ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ፣ ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«አዎ፣ ይዞኛል።»

ሀረገወይን ስልኩን ዘግታ «ጠዋት ሲነሣ እደውልለታለሁ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት፣ መኪናውን አስነሣች። ውብዳር ሽንት ቤት ብላ ወርዳ ከግንቡ ኋላ ቆመች፣ ፊቷን በዚያ ወተት በመሰለ የወንዝ ውኃ ታጠበች፣ እጇ እስኪደነዝዝ።

አሁን፣ ሰኞ ንጋት፣ ውብዳር ራሷ ትነዳለች። ሪችመንድን አልፋለች፣ የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ከጨለማው ውስጥ አንገታቸውን አውጥተዋል፣ ኮንቴይነር የጫኑት መኪኖች ወደ ደቡብ ይግተለተላሉ፣ እሷም ከኋላቸው። ስልኳ ጠራ። ጋሽ ግርማቸው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት የመጡ፣ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ ቤይ ኤሪያ ውስጥ ሰው ሲሞትበት ማን ያርዳ ከተባለ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ውብዳር፣ እነ ሀረገወይን ሰፈር ያለው ዶናት ቤት ፓርኪንግ ውስጥ እንጠብቅሻለን። የዕድሩ ልጆችም አሉ፤ ዳዊም መጥቷል፣ መቅዲም አለች። ማንም ቀድሞ እንዳይገባ። መርዶ እንደ ኦፕሬሽን ነው፣ በሽተኛዋን የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል።»

«እሺ ጋሼ፣ እየመጣሁ ነው» አለቻቸው።

ሲዋርድ ናቸው፣ ቅዳሜ ማምሻውን፣ የመጨረሻዋ የባሕር ከተማ፣ ፀሐይዋ እንቢ ብላ ቆማለች። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ከእነሱ በር የሚያህል ዓሣ ይወርዳል፣ ሰዎች ከጎኑ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ሁለቱ ሴቶች ወደቡ ዳር ባለ አግዳሚ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። «ታውቂያለሽ» ትላለች ሀረገወይን፣ «ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አባባ አንድ ጊዜ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ አሰብ ወሰደኝ። ባሕሩን ሳይ ‹ማን ደፋው?› አልኩት። እስካሁን ያን ሲያወራ ይስቃል። ለጥምቀት እሄዳለሁ፣ ወስኛለሁ። መኪና እከራይና እስከ ሚሌ እንኳ አዞረዋለሁ። አሁን እኔ ነኝ የምነዳው፣ እሱ ከጎን ይቀመጥና ይሰድበኛል፣ ‹ማርሹን አታስጩኺው!› እያለ። ውብዬ፣ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«ሀረግ…»

«ወዬ።»

እነሆ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። የሀረገወይን ፊት ወደ እሷ ዞሯል፣ ከንፈሯ ዘይት፣ አፍንጫዋ ቀይ፣ ሕፃን ይመስላል። «አጥንት አለው» አለች ውብዳር፣ «ቀስ ብለሽ ብዪ።» ከዚያ ያ የማይጨልም ሌሊት፣ ሰው እንኳ ተሸፍኖ የማያለቅስበት ብርሃን፤ ከዚያ እሑድ፣ ሀረገወይን ደጋግማ ብትደውል ያልተነሣው የደግነት ስልክ፣ አውሮፕላኑ፣ ሀረገወይን ትከሻዋ ላይ ተኝታ እየሳቀች።

ዶናት ቤቱ ጋ ደረሰች። ጋሽ ግርማቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል፣ ሰዉ ከኋላቸው ተሰብስቧል፣ ጥቁር በጥቁር። ያ ደረጃ ትዝ አላት፤ በር ሲከፈት የሚታየው የጥቁር ልብስ ሰልፍ። እግሯ ፍሬኑን አልነካም። በመስታወቱ ውስጥ ጋሽ ግርማቸው እጃቸውን ሲያወናጭፉ አየቻቸው።

በሩን ስታንኳኳ ሀረገወይን ራሷን በሻሽ አስራ፣ በሌሊት ልብሷ ወጣች። «ውብዬ! ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» ካለች በኋላ ጥቁሩን ቀሚስ አየች። የበሩን ጠርዝ ያዘች። ግቢ አላለቻትም።

«ማነው?» አለች።

«አባባ አረፉ፣ ሀረግ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ መቼ?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ዮዲ ትናንት ነው የነገረችኝ ማለት ይቻል ነበር። «ከበረዶው በፊት» አለች ውብዳር። «ጠዋት፣ ሻወር ውስጥ ሆነሽ።»

ሀረገወይን ዓይኗ አንድ ቦታ ቀረ። ቀኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትሄድበት ውብዳር ከፊቷ ላይ ታነባለች፤ ዋሻውን አለፈች፣ ፎቁ ጋ ደረሰች፣ ስልኩ ጋ ደረሰች።

«ሰርጉ…»

«ድንኳኑ የእሳቸው ነው።»

«ጥጥ አድርግለት አልኩት እኮ። ጥጥ አድርግለት ብዬው… አንቺ አጠገቤ ቆመሽ።» ድምፅዋ እየወረደ ሄደ። «አብረሽኝ ሳቅሽ።»

«ሳቅሁ።»

«ውብዳር!» አለች፤ በውብዬ ምትክ ሙሉ ስሟን ስትጠራት በስንት ዘመን መጀመሪያዋ ነው፤ በሁለት መዳፏ ደረቷን ገፋቻትና በሩን ዘጋችው። ከበሩ ኋላ «አባባዬ!» የሚል ጩኸት ወጣ፣ ዮዲ ከፎቅ እየሮጠች ስትወርድ ተሰማ። ውብዳር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እነ ጋሽ ግርማቸው ሲደርሱ እዚያው ናት።

«ምን አደረግሽ?»

«ነገርኳት፣ ጋሼ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷን አዩና ተዉት። «በይ ተነሺ» አሉ እጃቸውን ሰጥተው፣ «ሲሚንቶው ይበርድሻል።»

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ዋለ። ሶፋው ወጥቶ ጋራዥ ገባ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ከሥራ የተለቀቀው ከነዩኒፎርሙ መጣ። ሀረገወይን ጥግ ላይ ተቀምጣ ወደ ውብዳር አንድ ጊዜም አላየችም። ውብዳር ኩሽና ገብታ ሰሃን ታጥባለች፤ ታጥባ የጨረሰችውን መልሳ ታጥባለች። ሳሎኑ ደግሞ ጭር ይላል። ሰዉ ሊያለቅስ መጥቶ የሚያለቅስበት ነገር አጥቷል፤ ጋሽ ዓለሙን ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሚያውቃቸው የለም። ስለ ትራፊክ ያወራሉ፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፣ ያፍሩና ይተዉታል። ጋሽ ግርማቸው ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አሏት። ሀረገወይን አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ የለም፣ ጩኸት ጨርሶታል። በእጇ ወደ ኩሽናው አመለከተች።

ውብዳር እጇ ሳይደርቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሀረገወይን ቀና አላለችም። ፍራሹ ላይ የተዘረጋውን ቀሚሷን ብቻ ወደ ራሷ ሰበሰበች፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ።

«ንገሪያቸው» አለች በሹክሹክታ። «የነገርኩሽን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ውብዳር ከጎኗ ተቀመጠች። «ጋሽ ዓለሙ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ» ብላ ጀመረች፣ ስለ መሪው፣ ስለ እንጉርጉሮው፣ ስለ ባሕሩ ነገረቻቸው፤ ዳዊ መሐረቡን አወጣ፣ መቅዲ በእንባዋ መሐል ሳቀች፣ ዮዲ እናቷ ጉልበት ላይ ራሷን አስደግፋ አያቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለች ውብዳር፣ «ሎጊያ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ የግመል ወተት አጠጥተው፣ ጥላ ሰጥተው አሳደሯቸው። ከዚያ በኋላ በወጡ በወረዱ ቁጥር ዱቄት ሳያወርዱላቸው አያልፉም። ሽማግሌው የሞቱ ጊዜ ጭነቱን መንገድ ላይ አቁመው ልቅሶ ተቀመጡ። አለቃቸው ሊያባርራቸው ሲል ‹ጭነት ይጠብቃል፣ ልቅሶ አይጠብቅም› አሉት…»

አንድ እጅ ክንዷን ያዘ። ቀዝቃዛ ነው፣ አጥብቆ ነው የያዛት።

«ሎጊያ አይደለም» አለች ሀረገወይን በተዘጋ ድምፅዋ። «ኤሊዳር ነው። ቀጥዪ።»